ጅሬንን በሰላም ያወረደኝ ጥንድ ዱላ

ፍርዴን ቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ከከባድ ሕመም ተነስታችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ሃይኪንግ ለመመለስ ካሰባችሁ፣ ከጫማ ቀጥሎ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ዕቃ የእግር ጉዞ ዱላ ነው። አንድ ሳይሆን ጥንድ። አሉሚኒየም የሆነ፣ የሚያጥርና የሚረዝም፣ በጣት ተጭነው የሚዘጉት መቆለፊያ ያለው። ዳገት ያወጣችኋል ብዬ አይደለም። ዳገቱን የሚያወጣው ሳንባና ትዕግሥት ነው። ዱላው ዋጋውን የሚያስመልሰው ስትወርዱ ነው።

ስለዚህ ዕቃ የሚጻፈው ሁሉ ለጤነኛና ለጉልበተኛ ሰው ነው። ስንት ግራም ይመዝናል፣ ቶሎ ይታጠፋል ወይ፣ ቦርሳ ላይ እንዴት ይንጠለጠላል። እኔ ዱላ ፍለጋ ስነሳ ማወቅ የፈለግኩት ሌላ ነበር። ጉልበቴ ሲከዳኝ ይይዘኛል ወይ? ጣቶቼ ደንዝዘው እያለ መቆለፊያውን መክፈት እችላለሁ ወይ? ዝናብ በዘነበ ማግስት የጅማ ቀይ አፈር ላይ ይሠራል ወይ? ለነዚህ መልስ ስላላገኘሁ፣ ራሴ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው።

ሕመሜ የሳንባ ቲቢ ነበር። ስሙን የምጠራው ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ስሙን ላለመጥራት "ብርድ መትቶኝ ነው" እያለ ስንት ጊዜ ቤቱ ተቀምጦ ያስላል። እኔ ደረቴ ላይ ውሃም ቋጥሮ ስለነበር በመርፌ ተቀድቶልኛል። ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ያውቃል። መድኃኒቱ 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት፣ በቀሪው 4 ወር ሁለት ዓይነት ይወሰዳል፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ደግሞ በነፃ ነው። ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል፤ የሚጀምር ሰው ካለ አይደንግጥ። ሕክምናዬን ልጨርስ ስል ነው መራመድ የጀመርኩት፣ አሁን መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፣ ግን "ድነሻል" ተብሎ ካርድ መዘጋቱና ሳንባ ወደ ቦታው መመለሱ አንድ ቀን አይውልም። ቲቢው ሄዶም ጠባሳው ይቀራል። ዳገት ላይ ትንፋሽ ቶሎ የሚያጥረው ለዚያ ነው።

ትንፋሹን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት እግሬን ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ አይሶኒያዚድ የሚባለው፣ አንዳንድ ሰው ላይ እጅና እግር ያደነዝዛል። ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። እኔም ወስጄዋለሁ፣ ግን የእግሬ ጣቶችና ውስጥ እግሬ ደንዝዘው ቆዩ። አስፋልት ላይ ችግር የለውም። ድንጋይና የዛፍ ሥር የበዛበት መንገድ ላይ ግን እግራችሁ የት እንዳረፈ በዓይናችሁ ካላያችሁ አታውቁትም። ዱላው እዚህ ላይ ያልታሰበ ሥራ ሠራልኝ። እግሬ ያልነገረኝን እጄ ይነግረኛል። ጫፉ ድንጋይ ሲነካ ጠንከር ያለ ነገር መዳፌ ላይ ይሰማኛል፣ ጭቃ ሲሆን ይሰምጣል፣ የላላ አፈር ሲሆን ሸርተት ይላል፣ እግሬ ከመድረሱ በፊት አውቄዋለሁ ማለት ነው። ይህን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። እግራቸው የሚደነዝዝ የስኳር ሕመምተኞችም ሆኑ ሌሎች ይህን ነገር ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ወደ ዕቃው ልግባ። የኔው ጥንድ ሦስት ክፍል ያለው ነው፤ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ ያጥራል። ሲያጥር በቦርሳ ጎን ይታሰራል፣ ሲረዝም 135 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ናቸው። መያዣው ቡሽ ነው፣ ቡሽ ላብ ስለሚመጥጥ እጅ አያሟልጭም። ጎማ መያዣ ያለው ይረክሳል፣ ግን ፀሐይ ሲበረታ መዳፍ ያልባል፣ ቆይቶም ይልጣል። ካርቦን የሚባለው ደግሞ ቀለል ይላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ዋጋቸው እኩል ቢሆንም እኔ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ። ካርቦን ድንጋይ በጎኑ ከመታው ወይም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከተጠመዘዘ ድንገት ቀጭ ይላል። አሉሚኒየም ይጎብጣል። ጎብጦም ቢሆን ቤት ያደርሳል። ሙሉ ክብደቱን ዱላው ላይ የጣለ፣ ገና ያላገገመ ሰው ግን ድንገት ከተሰበረበት አወዳደቁ አያምርም።

ከሁሉም በላይ ግን መቆለፊያውን እዩ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ዱላውን ራሱን ጠምዝዛችሁ የምታጠብቁት ነው፤ ርካሾቹ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ አለው፣ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ውስጡ ውሃና ደቃቅ አፈር ከገባ መያዝ ይተዋል፣ ክብደት ስትጥሉበት ሹልክ ብሎ ያጥራል። ጤነኛ ሰው ስቆ ያልፈዋል። ለኔ ዓይነቱ አይሆንም። ሁለተኛው ከጎኑ ትንሽ ምላስ ያለው ነው። ምላሱን ታነሳላችሁ፣ ታስረዝማላችሁ ወይ ታሳጥራላችሁ፣ ተጭናችሁ ትዘጋላችሁ፣ ቀጭ ሲል ትሰሙታላችሁ። የደነዘዘ ጣት ይችለዋል፣ ጓንት ያደረገም ይችለዋል። ምላሱ ላይ ያለችው ብሎን ከጊዜ በኋላ ትላላለች፤ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ካቻቢቴ መያዝ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

አያያዙን የሚያሳይ ወረቀት አብሮ አልመጣም፣ ስለዚህ ባጭሩ። ዱላውን መሬት ላይ አቁማችሁ ስትይዙት ክርናችሁ 90 ዲግሪ ከታጠፈ ልኩ ነው። ለዳገት ትንሽ ታሳጥሩታላችሁ፣ ለቁልቁለት ታስረዝሙታላችሁ። የእጅ ማሰሪያው ደግሞ ዱላው እንዳይወድቅ ብቻ የተሰቀለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እጃችሁን ከታች ወደ ላይ በማሰሪያው ውስጥ አስገብታችሁ፣ ከዚያ ማሰሪያውንና መያዣውን አንድ ላይ ያዙ። እንደዚያ ሲሆን ክብደቱ አንጓችሁ ላይ ያርፋል፣ ጣት ጨምድዶ መያዝ አይጠበቅበትም። ከሕመም የተነሳ ሰው እጁም ደካማ ነውና ይህች ትንሽ ነገር ለውጧ ትልቅ ነው።

መጀመሪያ የወጣነው ቦዬ ነው፣ ጳጉሜ አካባቢ። ለማታውቁት፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚያስወጣው መንገድ ያለ ረግረግ ነው። ሜዳ ነው፣ ባጃጅ ቅርብ ነው፣ ከደከመኝ ወዲያው እመለሳለሁ። ጉማሬ ስላለ ረፈድ ሲል ሂዱ፤ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድራልና ጎህ ሳይቀድ ወይም ሊመሽ ሲል ዳርዳሩን መሄድ ጥሩ አይደለም። እዚያ ዱላው ያን ያህል አልጠቀመኝም። ሜዳ ለሜዳ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ አትግዙት፣ ገንዘባችሁን ለጫማ አድርጉት። የጠቀመኝ ለትንፋሽ መልመጃ ነው። ዱላው ምት ይሰጣል። ሁለት እርምጃ በአፍንጫ ታስገባላችሁ፣ ሦስት አራት እርምጃ ከንፈር ጠበብ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ታስወጣላችሁ። ዱላው መሬት በነካ ቁጥር መቁጠር ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ የባሰ ያጥረዋል። ቆጠራው ድንጋጤውን ያስታግሳል።

ስለ ጓደኞቼም ልናገር፣ ያለነሱ ዱላው ጥግ ቆሞ ይቀር ነበር። ከመታመሜ በፊት አብረን ያልወጣንበት ጉብታ የለም። ስመለስ ሁሉም ሊረዳኝ ፈለገ። አንደኛው ቦርሳዬን ሳይጠይቀኝ ወሰደ። ሌላዋ በየደቂቃው ዞር እያለች "ደህና ነሽ? እንረፍ? እንመለስ?" ትላለች። እወዳታለሁ፣ ግን ትንፋሹ ላጠረው ሰው መልስ መስጠት ራሱ ሥራ ነው። ነርስ የሆነችው ጓደኛችን ነች ነገሩን መስመር ያስያዘችው። "አትጠይቋት፣ አስወሯት" አለች። ደንቡ ቀላል ነው። እየተራመድኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ መጨረስ ከቻልኩ ፍጥነቱ ልክ ነው። መሀል ላይ ከተቆረጠብኝ እንቀንሳለን። መዝፈን ከቻልኩ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይቻላል ማለት ነው። ሁለተኛው ደንብ፣ ቀርፋፋው ከፊት ይሄዳል። ከኋላ ሲሆን የፊተኞቹ ቆመው ይጠብቁታል፣ ሲደርስ እነሱ አርፈው ጨርሰው ይነሳሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይቀጥላል። ሕመምተኛ ይዛችሁ የምትወጡ ሁሉ ይህን ያዙ።

ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ፣ የወጣነው በጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ። ጅማ ዓመቱን በአብዛኛው ዝናብ ነው፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ እና ቀዩ አፈር ሲርስ ሳሙና ነው። ከፈረንጅ አራዳ ተነስተን ባጃጅ ይዘን ዳገቱ ሥር ወረድን፣ ከዚያ በእግር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሀል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚህ ያደገ ሰው በትምህርት ቤት ጉብኝት ያልወጣበት የለም፣ በሩጫ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ከዚያ ኮረብታ ላይ ነው ጅማን ያስተዳደሩት፣ ቦታውን ስታዩት ለምን እንደመረጡት ይገባችኋል፤ ከተማው ሁሉ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ለመሮጥ ስንመጣ ልብ ብዬው አላውቅም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ዙሪያውን ያያል። የባሕር ዛፉን ሽታ፣ የእንሰቱን ጓሮ፣ ከየቤቱ የሚወጣውን የሚቆላ ቡና ጭስ።

ሲወጣ ዱላው ያግዛል፣ ክንድም ሥራ ይካፈላልና። ግን ሐቁን ልናገር፣ የትንፋሼን ነገር አልቀየረውም። በየመታጠፊያው ቆሜያለሁ። ስቆም ሁለቱን ዱላዎች ከፊቴ ተክዬ ጎንበስ ብዬ እደገፍባቸዋለሁ፤ ክንድ ሲደገፍ ደረት ይለቀቃል፣ ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል። መቀመጥ ብፈልግ መሬቱ ርጥብ ነው፣ ከተቀመጡ በኋላ መነሳቱም ራሱን የቻለ ዳገት ነው። የቆመ ማረፊያ ይዞ መሄድ ማለት ነው።

ላይ ደርሰን፣ የእንጨቱን ቤተ መንግሥት ዞረን አይተን፣ ዳቦና እንቁላል በልተን፣ መውረድ ጀመርን። ይህ ግምገማ የተጻፈው ለዚህች ክፍል ነው።

ከሕመም የተነሳ ሰው ዳገት ላይ ሳንባው ያስቆመዋል፤ ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ቁልቁለት ላይ ግን ትንፋሹ ደህና ስለሆነ የደከመ አይመስለውም። የሚከዳው ጭኑ ነው። ወራት ተኝቶ የቀለጠ ጡንቻ ወደ ታች የሚወርድ ክብደት መያዝ አይችልም። ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ እግር ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ውሃ የቦረቦረው ቁልቁል ቦታ አለ፣ በሁለቱም ጎን ቁጥቋጦ፣ መሀሉ ቀይ ጭቃ። ከዱላው በፊት ቢሆን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ክንዴን ይዞ ነበር የሚያወርደኝ፤ ሁለቱም ጓደኞቼ ተዘጋጅተው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ቆምኩ። ምላሱን ከፈትኩ፣ እያንዳንዱን በአምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዘምኩ፣ ዘጋሁ። ሁለቱን ከፊቴ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተከልኩ፣ ጫፉ ጭቃውን አልፎ ጠንካራውን አፈር እስኪነካ ገፋሁ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር። እንደገና ተከልኩ። ቀኝ እግሬ አንዴ ሸርተት አለ፤ ሁለቱ ዱላዎች ያዙኝ፣ ክንዴ ደነገጠ እንጂ አልወደቅኩም። ጎበዙ ጓደኛዬ ከኋላዬ በመቀመጫው ወረደ።

ከዚያ በኋላ ማንም ክንዴን አልያዘም። ስወርድ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አንዷ ሠርግ፣ ኳስም ሳይቀር። ሳቅን። እኔም አወራሁ። የታመመ ሰው ይዘው የሚወርዱ ሰዎች ዝም ብለው እግሩን ነው የሚያዩት፣ ያ ዝምታ ያደክማል፤ ከበሽታው እኩል ያደክማል። ዱላው ጓደኞቼን ከጥበቃ ሥራ አሳረፋቸው። ለጤነኛ ሰው የተጻፈ ግምገማ ውስጥ ይህን ጥቅም አታገኙትም፣ ለኔ ግን የገዛሁት ለዚህ ነው ማለት እችላለሁ።

መንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ አግኝተውን ነበር፣ ከዘራ ይዘው ሲወጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዱላዬን ተቀብለው አገላበጡት፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ ምላሱን ከፍተው ዘጉት። "ይሄ ቆርቆሮ ነው ልጄ" አሉኝ። "የእርስዎስ ከምን የተሠራ ነው አባባ?" አልኳቸው፣ ከዘራቸውን እያየሁ። "ወይራ" አሉ። ታምሜ እንደነበር ስነግራቸው "አላህ አፊያ ይስጥሽ፣ ሁለቱን መያዝሽ ጥሩ ነው፣ አንዱ ይጥላል" ብለው ምርቃቱን አዘነቡልኝ። ልክ ናቸው። አንድ ዱላ ብቻ ከያዛችሁ ሰውነት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ትከሻም ይጎዳል።

እናም ሽመሉና ከዘራው። ሂርማታ ገበያ ብትወጡ በጥቂት ብር ታገኛላችሁ፣ ወይራው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ገንዘብ ከሌላችሁ ሁለት እኩል ሽመል ገዝታችሁ ውጡ፣ ከባዶ እጅ በብዙ ይሻላል። የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው። ለዳገትና ለቁልቁለት ቁመቱ አይቀየርም፣ እና ማሰሪያ ስለሌለው ክብደቱ ሁሉ ጣት ላይ ያርፋል። ማሰሪያውን ጠፍር አስሮ መፍጠር ይቻላል። ቁመቱን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

በኅዳር በለጠ ደን ሄድን፣ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ላይ ነበሩ፣ ጉሬዛ ከላይ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይዘላል፣ የቀረሮው ዛፍ ቀና ብላችሁ ብታዩት ጫፉ አይታይም። የአካባቢውን ልጅ ከፊት አድርገን ገባን። ደን ውስጥ ዱላው ሌላ ጠባይ አሳየኝ፣ ጥሩም መጥፎም። ወንዝ ስንሻገር ጥልቀቱን ለካሁበት፣ ጉንዳን የተሰለፈበትን መንገድ ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አየሁበት። ግን ጠባብ መንገድ ላይ ሐረግ ይይዘዋል፣ ማሰሪያው አንጓዬ ላይ ስለሆነ ክንዴን ጎተተኝ። ስለዚህ ቁጥቋጦ ሲበዛ እጃችሁን ከማሰሪያው አውጡ፣ አንደኛውን አሳጥራችሁ ቦርሳ ላይ እሰሩ። ጫፉ አጠገብ ያለችው ክብ ፕላስቲክ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የተሠራች ናት፣ የኛ ጭቃ ግን ከሥሯ እየተለጠፈ ዳቦ ያክላል። በየጊዜው መምታት ያስፈልጋል። ትልቋን አውጥቼ ትንሿን ካደረግኩ ወዲህ ቀንሷል።

ሌላው ጉድለት የጎማ ቆቡ ነው። ጫፉ ብረት ስለሆነ አስፋልትና ድንጋይ ላይ ይንጫጫል፣ ያንሸራትታልም፤ ለዚያ ነው ጎማ የሚጠለቅለት። የኔው ቶሎ ተበሳ፣ አንደኛው ደግሞ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጅማ መለዋወጫ የለም። አንድ ጫማ ሰፊ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ በማስቲሽ ሠራልኝ፣ ከፋብሪካው ይልቅ ሰነበተ። ሲገዛ ተጨማሪ ሁለት ጥንድ ቆብ አብሮ ቢገዛ ይሻላል። ቤት ስትገቡ ደግሞ ሦስቱንም ክፍል አውጥታችሁ ጥረጉት፣ ተለያይቶ ይደር። ዘይት አትቀቡት፣ መቆለፊያው መያዝ ይተዋል።

መድኃኒት ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በባዶ ሆድ ነው የሚመከረው፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ። ጠዋት የምትወጡ ከሆነ ማልዳችሁ ውሰዱት፣ ቆይታችሁ ቁርስ ብሉ፣ ከዚያ ውጡ። በባዶ ሆድ ዳገት አትጀምሩ። መድኃኒቶቹ ጉበት ላይ ስለሚበረቱ ከጉዞ በኋላ ጓደኞቻችሁ ጠጅ ሲያዙ እናንተ ብርዝ እዘዙ፤ የጅማ ማር ብርዝ ከጠጁ አያንስም። ደም ካሳላችሁ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ ወይም እያረፋችሁም ትንፋሽ አልመለስ ካለ፣ ዱላም ጓደኛም አይደለም መፍትሔው፤ ተመልሳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መራመድ ስትጀምሩም ሐኪማችሁ ይወቀው። እግራችሁ ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ ባረፋችሁ ቁጥር ጫማ አውልቁና እዩት፣ ጠጠር ገብቶ ቢልጣችሁ አይሰማችሁም።

ዱላውን ጅማ ስለማታገኙት በሰው ማስመጣታችሁ አይቀርም። እኔም ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ጥሩ የሰልቫጅ ጫማ ብዙም አልራቀም። ለሚያመጣላችሁ ሰው "ዱላ ግዛልኝ" ብቻ አትበሉት። አሉሚኒየም፣ ሦስት ክፍል፣ ምላስ ያለው መቆለፊያ፣ የቡሽ መያዣ፣ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ብላችሁ ጻፉለት። ሱቁ ውስጥ አስረዝሞ ይቆልፈው፣ ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ይጣልበት። አንዲት ሴንቲ ሜትር እንኳን ካጠረ ይመልሰው። በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይክተተው፣ በእጅ ይዞ መግባት ብዙ ቦታ ይከለከላል።